ቆዪ የተባለችው

ሰውዬው በሕይወት ሳለ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቆዪ» እያለ ነበር የሚጠራው። ትከሻው በር የሚሞላ፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ወንድ በሴት አንቀጽ ሲጠራ እንግዳ ሰው ግራ ይገባዋል፤ እኛ ግን ለምደነው ነበር። ስሙን ያወጣለት ወተት የሚጭነው ሹፌር ነው። ጠዋት ጠዋት መኪናውን አቁሞ ቢዶኖቹን ሲጭን የሚያየው ያንኑ ነው። ሰውዬው የታችኛው ሜዳ በር ላይ ቆሟል፤ ላሞቹ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ሚስትየው ከኋላ ዱላዋን ይዛ ትነዳለች፤ ሰውዬው ድንገት፣ እጁን ሳያነሳ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ቆዪ» ይላል። ሰልፉ ቀጥ ይላል። ሹፌሩ ደግሞ ምላሱ አያርፍም፤ አንድ ቀን «ጋሽ ቆዪ፣ እንዴት አደሩ?» ብሎ ጀመረና ስሙ እንደ መዥገር ተጣብቆ ቀረ።

ታናሽ ወንድሙን፣ ሁሌ የሚሮጠውን፣ «ጥድፊያ» አሉት። አንዲት እናት እነዚህን ሁለቱን እንዴት ከአንድ ማህፀን እንዳወጣቻቸው እንጃላት፤ የሚመሳሰሉት በድምፅ ብቻ ነው። ሚስትየዋም የራሷ ስም ተረስቶ «የቆዪ ሚስት» ሆነች። ባሏ ከሞተም በኋላ የቆዪ ሚስት ናት።

እንግዲህ ይህች ሴት ከላም ጋር ያደገች እንዳትመስላችሁ። ያደገችው የጫማ መደብር ውስጥ ነው። አባቷ ጫማ ሻጭ ነበር፤ እሷም የሰው እግር በዓይኗ ብቻ ለክታ ቁጥሩን የምትናገር ነገረኛ ልጅ ነበረች። ያንን ሰው ያገኘችውም ቦት ጫማ ሊገዛ ሲመጣ ነው። መጋዘኑን ገለባብጣ አንድ ጥንድ አገኘችለት፤ እግሩን ሲያስገባ «ይኼ እግር ሳይሆን ጀልባ ነው» አለችው፤ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ጫማ የማያስፈልገው ሰው ጫማ ሊያይ እየተመላለሰ አባቷን አሰለቸው። ተጋቡ።

ስትመጣ ላም ትፈራ ነበር። የመጀመሪያው ጸደይ ደግሞ የዝናብ ጸደይ ሆነባት፤ ጭቃው ከበረት ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ መኝታ ቤት ገባ፤ ቀሚሷም ፀጉሯም እበት እበት ሸተተ። አንድ ማለዳ በቃኝ ብላ ቦርሳዋን አዘጋጀች። ከቤቱ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ ላሞቹ የሚሄዱበት። ስለዚህ በአንድ እጇ ቦርሳዋን፣ በሌላው ዱላዋን ይዛ፣ ላሞቹን እየነዳች ልትወጣ ከኋላቸው ተከተለች። ስትሸሽ እንኳን ሥራ አይቀርላትም፣ ምን ታድርግ። የሜዳው በር ላይ አጎንብሶ መሬት ሲያይ የነበረው ባሏ፣ ሳይዞር፣ «ቆዪ» አለ።

ቆመች። ከፊት የምትመራው ላምም ቆመች። ደሟ ፈላ።

«ለእኔ ነው ለላሟ?» ብላ ጮኸችበት።

ዞረ። ቦርሳውን አየ፣ እሷን አየ። «ለምትሰማኝ» አለ።

እንዴት ያናድዳል! ላሟ ትሰማኛለች፣ አንቺ ግን አትሰሚኝም ማለቱ ነው ብላ ተረጎመችው። ልክ ልኩን ልትነግረው ተመለሰች፤ ስድቡ ሳያልቅ የማለቢያ ሰዓት ደረሰ፤ ካለበች በኋላ ደክሟት ተኛች። ዕድሜዋን እዚያ ቤት የኖረችው እንዲህ አድርጋ ነው። ቦርሳው ቁም ሣጥኑ ላይ ወጥቶ አቧራ ለበሰ፣ ላሞቹ ወልደው የልጅ ልጅ አዩ፣ አሁን ሰልፉን የምትመራው ላም ያኔ የቆመችው ላም የልጅ ልጅ ናት። አረማመዷ የተከበረች ሴት አረማመድ ስለሆነ «ወይዘሮ» ይሏታል።

ከብት የማያውቅ ሰው ሜዳ የሚጎዳው በላም አፍ ይመስለዋል። የሚጎዳው በእግሯ ነው። መሬት ውኃ ጠጥቶ ሲላላ የላም ኮቴ እየሰመጠ ሣሩን ከነሥሩ ይገለብጠዋል፤ ጉድጓዱ ውኃ ይቋጥራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ እንደ ጡብ ይደርቃል። ከዚያ ወዲያ የዚያን ዓመት ድርቆሽ እርሱት። እነዚህ ሰዎች ሁለት ሜዳ አላቸው። ላይኛው ድንጋያማ ነው፣ ዝናብ ብዙ አያበላሸውም፣ ግን ሣሩ የመላጣ ፀጉር ነው። ሀብቱ ታችኛው ነው፤ ጥቁር አፈር፣ የወንዝ ዳር፣ ሣርና ማገጥ የሚባለው ባለሦስት ቅጠል የከብት መኖ ተደባልቀው ጉልበት የሚደርሱበት። እሱ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ተከምሮ ነው ላሞቹ ብርዱን የሚሻገሩት። ስለዚህ ጋሽ ቆዪ በእርጥብ ጸደይ በየማለዳው ገባ ይልና በተረከዙ አፈሩን ይጫናል። ተረከዙ የረገጠበት ጎድጓዳ ውኃ ከሞላ «ቆዪ» ነው፤ ላሞቹ ወደ ላይኛው ሜዳ ይዞራሉ። ካልሞላ በሩን ይከፍታል። ሌላ ጥበብ የለውም።

እሷ ከኋላ ናት። ስትሄድ በዱላዋ የቦት ጫማዋን ጎን ጧ ጧ እያደረገች ነው፤ ልማድ ነው። ሹፌሩ «የቆዪ ሚስት ከበሮ» ይለዋል። እሷ ግን ሲነግሯት «መቼ መታሁ?» ብላ ትቆጣለች።

ሰውዬው የሞተው ብርዱ ሲገባ ነው። ደረቱን ታሞ ሰነበተ፣ ሐኪሙም ወደ ቤት ውሰዱት አለ። እኩለ ቀን ላይ እሷ የሾርባ ማንኪያ ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ ጥድፊያ መዝጊያው ላይ ቆሟል። ከእሷ ኋላ መስኮት አለ፣ በመስኮቱ በረቱ ይታያል። ሰውዬው ዓይኑን ገለጠና «ቆዪ» አለ።

«ላሞቹ ገብተዋል» አለችው። «አትጨነቅ።»

ትንሽ አያት። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፣ በቃ።

ለቀስተኞች «ምን ብሎ ሞተ?» ሲሏት «ላሟን ተጣራ» አለች። ሰው እያለቀሰ ሳቀ። ሹፌሩማ ወሬውን ከወተቱ ጋር በየበሩ አደለው። «እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ወይዘሮን! ፍቅር ማለት ይኼ ነው!» ይላል፤ ክፋት የለውም፣ ዝም ማለት አይችልም እንጂ። እሷ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ይህን ያህል ዓመት እበት ጠርጌ፣ ጀርባዬ ጎብጦ፣ አንዲት ቃል ብትቀረው ለላም ሰጣት አለች በሆዷ። ያንን ካሰበች በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ ተወች። ውስጧ ደነዘዘ። ቀብር ላይ ዓይኗ ደረቅ እንደሆነ ሰዎች ተንሾካሾኩ፤ ሰማቻቸው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ጥርስ ሲነቀል በመርፌ እንደሚያደነዝዙት መንጋጋ ሆና ከረመች፤ እዚያው አለ፣ ሲነኩት ግን የሌላ ሰው ነው።

ከዚያ ጸደይ መጣ፤ ዝናቡ ጀመረና ማቆም ረሳ።

ካፊያ ነው ሲሉት ዶፍ ይሆናል፤ አባራ ብለው ልብስ ሲያሰጡ እንደገና። ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ሜዳ ዳር ዳሩን ላሰው። ድርቆሹ ያለቅጥ እያነሰ ሄደ፤ እሱም ቢሆን ክምሩን የሸፈነው ሸራ ጥጉ ተቀዶ ኖሯል። በየዓመቱ የሚሰፋው ባሏ ነበር፤ ዘንድሮ ማን አስታውሶት። ውኃ ገብቶ ግማሹ ሻገተ። እሷ መንሿን ይዛ እያሸተተች ትለያለች። ያልሸተተው ለላም፣ የሸተተው ወደ ውጭ። ከተለየው ላይ ለእያንዳንዷ አንድ አንድ እቅፍ፣ ቀጥሎ ግማሽ እቅፍ። ላሞቹን ላይኛው ሜዳ ላይ በኤሌክትሪክ አጥር ትንሽ ትንሽ እየከለለች ታግጣቸዋለች፤ ዛሬ የበሉትን ነገ እንዳይረግጡት ሽቦውን ነቅላ ታራምዳለች። ሥራውን አንድም አላጓደለችም። እጇ ያውቀዋል፣ እሷ አትፈለግም። አንድ ቀን አጥሩን ሳታጠፋ በባዶ እጇ ያዘችው፤ ንዝረቱ ክንዷን እስከ ብብቷ ሲመታት «አዎ፣ በርቷል» ብላ ሄደች።

የራሷ ቦት ጫማ ተሰንጥቆ ውኃ ማስገባት ሲጀምር የባሏን አደረገች። ያንን ጀልባ። ጣቱ ላይ ጨርቅ ወትፋበት እየጎተተች ስትሄድ የአባቱን ጫማ ያደረገ ሕፃን ትመስላለች። የጫማ ሻጭ ልጅ መሆኗ እዚህ ላይ አልረዳትም።

«እማማ፣ ወተቱ ቀነሰ እኮ» አላት ሹፌሩ አንድ ጠዋት ቢዶኑን አንስቶ እየመዘነ።

«ቀነሰ።»

«ምነው?»

«ላሞቹን ጠይቃቸው።»

ሹፌሩ ሳቀ፤ ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢዶኑን ጭኖ ዝም ብሎ ይሄድ ጀመር። ሹፌሩ ዝም አለ ማለት ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

የመጨረሻው ድርቆሽ ያለቀ ማለዳ ጥድፊያ መኪናውን እያስጮኸ መጣ። በረቱ ውስጥ ገባ፣ ባዶውን ግርግም አየ፣ የላሞቹን ጎን አየ፤ የጎድን አጥንታቸው መቆጠር ጀምሯል። ወይዘሮ አንገቷን አስረዝማ ጮኸችበት። ላይኛው ሜዳ ላይ የቀረው ድንጋዩ ብቻ ነበር።

«እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው? እንስሶቹ በረሃብ ሊያልቁ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን?»

ጥድፊያ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ክፉ ሰው አይደለም። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ እሷን ብቻዋን መተው አንጀቱን ይበላዋል፤ ችግሩ አንጀቱ የሚበላው እየሮጠ ነው። «ከሁለት አንዱ ነው» አለ። «ወይ ታችኛውን እንክፈትላቸው፣ ወይ ከብት ገዢው የፊታችን ቅዳሜ መኪናውን ይዞ መጥቶ ሁሉንም ይጫን። እኛ ቤት ክፍል አዘጋጅተንልሻል። ባለቤቴ መጋረጃ ሰቅላለች። መስኮቱ ወደ መንገድ ነው፣ ወጪ ወራጁን ታያለሽ። እዚህ ብቻሽን ጭቃ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እንደፈለግህ» አለች።

እንደፈለግህ! ለዚያች ጫማ ቤት ውስጥ ለገዢ ሁሉ መልስ ለነበራት ሴት ይኼ መልስ ነው? በሩ ከተከፈተ ሜዳው እንደሚሞት ታውቃለች። ሜዳው ከሞተ ድርቆሽ የለም፤ ድርቆሽ ከሌለ ላሞቹ ዞሮ ዞሮ ገዢው መኪና ላይ ናቸው፤ ላሞቹ ከሄዱ ቤቱ ይዘጋል፣ እሷም መጋረጃ ወደተሰቀለበት ክፍል። ጥድፊያ ሁለት መንገድ አለ ይላል እንጂ መንገዱ አንድ ነው። ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ቅንጣት አልቆረቆራትም። የጎረቤት ነገር የሚነግሯት ያህል ነበር የምትሰማው።

«እንግዲያው እንክፈት» አለ ጥድፊያ። «እኔ ከፊት ልሁን፣ አንቺ ንጂ።»

ላሞቹን ፈታች። ወይዘሮ ከፊት፣ ሌሎቹ ተከትለው፣ እሷ ከኋላ የዝናብ ካፖርቷን ቆብ ግንባሯ ላይ ስባ። ጧ ጧ ጧ፣ ዱላዋ የባሏን ትልቅ ቦት ጫማ ይመታል። ዝናቡ ቆቡ ላይ ይንጣጣል። ምንም አታስብም። የተራቡት ላሞች የሜዳው ሽታ ሲደርሳቸው እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ጥድፊያ ቀድሞ ደርሶ መቀርቀሪያውን ሳበና መዝጊያውን በሰፊው በረገደው። ራሱም በድል አድራጊነት ወደ ሜዳው ገባ፣ ያውም በቆዳ ጫማ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ሦስተኛው ላይ እግሩ እስከ ቅልጥሙ ሰመጠ። ሊያወጣው ሲታገል ጫማው እዚያው ቀረና በካልሲው ቆመ። ያኔ ነው የገባው። እሱን አንድ ሰውዬ እንዲህ ከዋጠው፣ ላሞቹ ምን ሊያደርጉት ነው? ቀና ሲል ወይዘሮ የፊት እግሮቿን በሩ ውስጥ አስገብታለች፤ ኮቴዋ ጥቁሩን አፈር ሲያቦካው ይታያል።

«ተመለሺ!» ብሎ ጮኸ። «ሂጂ! ወዲያ!»

ወይዘሮ ወይ ፍንክች። ጆሮዋን እንኳ አልነቀነቀችም። ጥድፊያ እጁን እያወናጨፈ፣ ባንድ እግሩ እየዘለለ፣ ወንድሙ የሚለውን አስታወሰ።

«ቆዪ!» አለ። «ቆዪ!»

ላሟ አንድ እርምጃ ጨመረች። ጥድፊያ ተስፋ ቆርጦ፣ ሳይጮህ፣ ከሆዱ፣ «ቆዪ» አለ።

ከኋላ ያለችው ሴት የመጀመሪያዎቹን ጩኸቶች ዝናቡ ውጦባት ነበር። ይኼኛው ግን ገባ። ድምፁ የባሏ ነበር። እግሯ እሷን ሳያማክር ቀጥ አለ። ዱላዋም አየር ላይ ቀረ።

ወይዘሮ ቆመች።

ከኋላዋ ያሉትም ቆሙ። የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ሰማችኝ!» አለ ጥድፊያ እያለከለከ። «በሦስተኛው ሰማችኝ፣ አየሽ? በቃ በቃ፣ አትንኪያት፣ እኔ እመልሳታለሁ።»

እሷ ግን በላሞቹ ጀርባ በላይ አሻግራ የወይዘሮን ጆሮዎች እያየች ነበር። ጆሮዎቹ ወደ ጥድፊያ አልዞሩም። ሁለቱም ወደ ኋላ፣ ወደ እሷ ተቀስረው ነበር።

አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች፤ ዱላው ጧ አለ። ወይዘሮ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች። ቆመች፤ ላሟም ቆመች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ጥድፊያ።

እንደገና። ጧ፣ እርምጃ። ዝም፣ ዝም። ላሟ «ቆዪ» የሚባል ቃል ከነመኖሩም አታውቅም። ኧረ ከየት ታውቃለች? የዚህች ሴት ዱላ ሲመታ ትሄዳለች፣ ሲቆም ትቆማለች፤ እናቷም አያቷም እንዲሁ ነበሩ። ሰውዬው በተናገረ ቁጥር የሚቆመው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ ዓመት ሲናገር የነበረው ላሞቹን በአናታቸው አሳልፎ ከኋላ ላለችው ነበር፤ እሷ ደግሞ ላሟ በቃሉ ቆመች ብላ፣ በላም ቀንታ፣ ተናዳ፣ እዚያው ጭቃ ላይ ቆማ ኖረች።

«ለምትሰማኝ» ማለቱ ይኼ ነበር።

ከዚያ አልጋው ትዝ አላት። የያዘችው ማንኪያ። ከኋላዋ የነበረው መስኮት። እሷ ደግሞ ምን ብላ መለሰችለት? ላሞቹ ገብተዋል።

ብዙ ቆመች፤ ጥድፊያ ተዝለፍልፋ የምትወድቅ መስሎት ፈራ። አልወደቀችም፣ አላለቀሰችምም። ውስጧ ያለው ድንዛዜ አልለቀቃትም፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ በጣም ጠባብ ቦታ ላይ፣ ጠዘጠዛት። ከዚያ በላሞቹ ጎን አልፋ ወደ ፊት መጣች። ወይዘሮን አንገቷን ይዛ ቀስ ብላ አዞረቻት። ወደ ሜዳው ገብታ በዚያ ትልቅ ጫማ ተረከዝ አፈሩን ተጫነች። ጎድጓዳው ወዲያው ሞላ።

«ዝጋው» አለች።

«እንዴ! ምን ይብሉ ታዲያ?»

«ማጭድ አምጣ። በረቱ ውስጥ፣ ከመዝጊያው ኋላ ሁለት ተሰቅሏል። መጀመሪያ ግን ጫማህን ከጭቃው አውጣ።»

እንዲህ ያለ ክፉ ጸደይ አንድ ጊዜ፣ ሁለቱም ወጣት ሳሉ፣ መጥቶባቸው ነበር። ያኔ ላሞቹን ሜዳው ላይ ሳያሳርፉ ሣሩን በማጭድ እያጨዱ፣ በሸራ ጠቅልለው በጀርባቸው እየተሸከሙ በረት ድረስ አድርሰውታል። የሰው እግር ጭቃውን ቢረግጠው ሣሩን አይገለብጠውም። ይህንን እስካሁን አላስታወሰችም ነበር፤ ለማስታወስም መፈለግ ያስፈልጋል፣ እሷ ደግሞ ምን ፈልጋ። አሁን ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣላት፤ ከየት እንደሚጀመር፣ ከወንዙ ዳር ስንት ስፋት እንደሚተው፣ እርጥብ ማገጥ በባዶ ሆድ የበላች ላም ሆዷ ተነፍቶ እንደምትሞት። ስለዚህ ያጨዱትን እንዳለ አልሰጧቸውም። በረቱ ጣሪያ ሥር ዘርግተው አጠወለጉት፣ ለመኝታ ከተቀመጠው ገለባ ጋር ቀላቅለው ትንሽ ትንሽ አበሏቸው።

ጥድፊያ በሕይወቱ እንዲህ በዝግታ ሠርቶ አያውቅም። ማጭዱን በቸኮለ ቁጥር ጭቃ ይቆርጣል፣ በቆረጠ ቁጥር ትቆጣዋለች። «ሥሩን ተው! ሥሩን ተውልኝ አልኩህ! ፂም ነው የምትላጨው ወይስ ሣር ነው የምታጭደው?» ጥድፊያ ውስጥ ውስጡን ደስ አለው። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ስትሰድብ ሲሰማት የመጀመሪያው ነው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወደ ካፊያ ወረደ። ላሞቹ ግርግሙ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ሲያላምጡ ድምፁ በረቱን ሞላው። ሁለቱ ተገልብጠው በቆሙ ቢዶኖች ላይ ተቀመጡ። እጇን ገልብጣ አየችው፤ መዳፏ ተልጦ ደም ቋጥሯል።

«አመመሽ?» አላት።

«አመመኝ» አለች፣ እየገረማት።

መዳፏን በካፖርቷ ጠረገች።

«ያን ቀን» አለች ከዚያ፣ «ጋሼህ ሲሞት። ላሟን አልነበረም የተጣራው።»

ጥድፊያ ቀና ብሎ አያት። «እኔማ መች ላሟን ነው አልኩ? አንቺ ነሽ ያልሽው። እኔ መዝጊያው ላይ ቆሜ አየው ነበር። ዓይኑ አንቺ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እኔ ምን አውቄ? እናንተ ሁለታችሁ በላም ነበር የምትነጋገሩት። ሚስቱ ላሟን ነው ካለች ላሟን ነዋ ብዬ።»

ሹፌሩ ነገ ሲመጣ ምን እንደሚባል አሰበች፤ በየበሩ ያደለውን ወሬ ማን ይሰበስበዋል? ከዚያ ይኼም ተዋት። በክፍቱ የበረት መዝጊያ ወደ ታች፣ ወደ ተዘጋው የሜዳ በር ታይ ጀመር። ጭጋጉ ውስጥ በሩ ላይ የቆመ ሰው የለም።

ጥድፊያ ጫማውን በገለባ ጠረገና ተነሳ፤ መቀመጥ መች ይሆንለታል። «እና ለገዢው ምን ልበለው? ደግሞ ክፍሉስ? እኛ እኮ አዘጋጅተን ነው የምንጠብቅሽ።»

ከሜዳው በር ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «እሺ» አለች፤ «እቆያለሁ።»

ጥድፊያ ለእሱ የመለሰችለት መሰለው። «ይሁን እንግዲህ» አለ ኮፍያውን እየደፋ፣ «ለባለቤቴ መጋረጃውን አውርጂው እላታለሁ።»